የቁንጭርና የካላዛር ክትባት ለምን ዘገየ? ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

(ይህ ጽሑፍ በማህበራችን የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለዓመታዊ መጽሔታችን ሲዘጋጅ የንግግር መልኩ እንዳለ እንዲቆይ ተደርጓል። ዘመናቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሃያ አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ምሳ ነው። ከምሳ በፊት ስለ ቁስልና ስለ ጣፊያ እንዲያወራ የተመደበ ሰው ብዙ እንደማይጨበጨብለት አውቃለሁ። ግን አብዛኞቻችሁ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጤና መኮንንና የላቦራቶሪ ባለሙያ ናችሁ፤ ከዚህ የባሰ ነገር አይታችሁም እንጀራችሁን በልታችኋል። ከሌላ ሙያ የመጣችሁትን ግን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ርዕሴ የሌሽማንያሲስ ክትባት ነው። የመረጥኩበት ምክንያት አንድ ለረጅም ጊዜ ያልለቀቀኝ ጥያቄ ስላለ ነው። አንዴ ይዞ የለቀቀውን ሰው ዳግመኛ የማይዝ በሽታ፣ ክትባት ሊገኝለት ይገባል ብለን ተምረናል። ፈንጣጣ እንደዚያ ነበር፣ ኩፍኝም እንደዚያ ነው። ቁንጭርም ካላዛርም በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ታዲያ ተሕዋሱ ከታወቀ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ለሰው በሰፊው የሚሰጥ አንድም ክትባት እስከ ዛሬ ለምን የለንም? ለውሻ አለ እኮ! ለሰው ግን የለም። ይህ ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ቀጥሎም ጉዳዩ ለምን የእኛ እንደሆነ እናገራለሁ።

አንድ ዘመድ፣ ብዙ መልክ

ሌሽማኒያ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው፣ ወይም ከእንስሳ ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስሟ ያሳስታል፤ ከትንኝ በጣም ያነሰች፣ ስትበር ድምፅ የሌላት፣ በአጎበር ቀዳዳ ሾልካ የምትገባ ፍጥረት ነች። እ.ኤ.አ. በ1903 ዊልያም ሌሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ከሕንድ በተገኙ የጣፊያ ናሙናዎች ውስጥ ተሕዋሱን በማይክሮስኮፕ አይተው ጻፉ። ሮናልድ ሮስ የሁለቱንም ስም አጣምሮ ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ አለው።

በእኛ አገር ሁለት መልክ አለው። ቆላ ስንወርድ ካላዛር ነው። ጣፊያና ጉበት ያብጣል፣ ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ደም ያንሳል። ካልታከመ ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በሰሜን ምዕራብ፣ በመተማና በሁመራ፣ ዋልካው መሬት በበጋ ሲሰነጣጠቅ ዝንቧ ከዚያ ስንጥቅና ከግራሩ ሥር ትራባለች። በደቡብ ደግሞ የተለየች ዝርያ የምስጥ ኩይሳን ቤት አድርጋ ትኖራለች። በአገራችን ካላዛር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1942 በታችኛው ኦሞ ነው።

ደጋ ስንወጣ ቁንጭር ነው። በኦቾሎ ቦልቦ ይሉታል። ይህኛው አይገድልም፤ ፊትን ነው የሚወስደው። አፍንጫ ላይ፣ ጉንጭ ላይ፣ ከንፈር ላይ ወጥቶ ወር ከዓመት ይቆይና ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ፊት ላላት ልጃገረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ተሕዋሱ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል፤ በ1973 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ስማችንን ያገኘ ነው። የሚኖረው በገደል ሽኮኮዎች ላይ ነው፤ ገደል አጠገብ የተሠራ ጎጆ ውስጥ የሚያድር ልጅ እንግዲህ የሽኮኮው ጎረቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ካላዛር ከባህር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በኋላ በተደረገ ጥናት ውጭ ማደርና ግራር ሥር መተኛት ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። እንግዲህ በሽታው እኛ በካርታ ላይ ያሰመርንለትን ወሰን አያከብርም።

ጠባሳ ያለበት ሰው የሚያውቀው

ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት ሕዝብ ያውቅ ነበር። በመካከለኛው ምሥራቅና በመካከለኛው እስያ፣ የባግዳድ እባጭ በሚባለው የቆዳ ሌሽማንያሲስ አገር፣ ጠባሳ ያለበት ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ይታወቃል። ስለዚህ እናቶች ከበሽተኛ ቁስል ወስደው የልጃቸውን ቂጥ ወይም ክንድ፣ ማለትም ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ይከትቡ ነበር። ፊቷ እንዲተርፍ ነው። በእኛም አገር ለፈንጣጣ ተመሳሳይ ልማድ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ደግሞ ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። ክትባት በሰውነት ላይ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፤ በሽታው ሲመጣ ሰውነት የሚያነበው።

ይህ የእናቶች ዘዴ በኋላ ላቦራቶሪ ገባ። ሕያው ተሕዋስ ተመዝኖ በመርፌ ይሰጥ ጀመር፤ በሶቪየት ኅብረት፣ በእስራኤል፣ በኢራን ተሠርቶበታል። በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ጊዜ ኢራን ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮችና ተፈናቃዮች በዚህ መንገድ ተከትበዋል። ሠርቷል፤ እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ላይ ያለ ጥርጥር እንደሚሠራ የታየው የሌሽማኒያ ክትባት ይኸው ነው።

ለምን ተተወ ታዲያ? ምክንያቱም የተሰጠው ክትባት አልነበረም፤ በሽታው ራሱ ነው። ከመቶ ሁለት ሦስት ሰው ላይ ቁስሉ ለብዙ ወራት አልድን አለ። ጥራቱን ጠብቆ ማምረት አስቸጋሪ ሆነ። እዚህ ላይ ደግሞ ኤች.አይ.ቪ. መጣ፤ ሕያው ተሕዋስ በጅምላ መውጋት የማይታሰብ ሆነ። ግን አንድ ትልቅ ነገር አስተምሮን አልፏል፦ መከላከል ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ምርምር ሁሉ፣ ያንን ጥበቃ ያለ ቁስሉ ማግኘት ይቻል ይሆን ወይ የሚል ነው።

ሌባው የተኛው በዘበኛው ቤት ነው

አሁን ትንሽ ወደ ክፍል ልመልሳችሁ። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባ የሚውጡ ሴሎች አሉት፤ ማክሮፋጅ እንላቸዋለን። ይውጣሉ፣ በአሲድና በኢንዛይም ያሟሟሉ። ሌሽማኒያ ግን የሚኖረውና የሚራባው እዚያው ማክሮፋጁ ውስጥ ነው። ሌባው ዘበኛው ማደሪያ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ማለት ነው።

ስለዚህ ከውጭ የሚዘዋወር አንቲቦዲ እምብዛም አያገኘውም። የካላዛር ታካሚ ደሙ በአንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ ፈጣን የደም ምርመራችንም የሚያነበው ያንን ነው፤ ሆኖም ሰውዬው እየሞተ ነው። ይህን የምለው ለወጣት ተመራማሪዎቻችን ነው፤ «ክትባቱ አንቲቦዲ አስነሣ» የሚል ውጤት ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ። የሚያስፈልገው ዘበኛውን ቀስቅሶ «ቤትህ ውስጥ ያለውን ግደለው» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሚያደርሱት ቲ ሴሎች ናቸው፤ ዋናው መልእክት ደግሞ ኢንተርፌሮን ጋማ ነው።

ይህን ያወቅነው በብዛት ከሁለት ዓይነት አይጦች ነው። ሌሽማኒያ ሜጀር የተባለውን ዝርያ ሲወጓቸው አንደኛዋ ትቆስልና ትድናለች፤ ሁለተኛዋ ግን ቁስሉ እየሰፋ ሄዶ ይገድላታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ልዩነቱ ተገኘ፦ የምትድነዋ ኢንተርፌሮን ጋማ ታመርታለች፤ የምትሞተዋ ደግሞ ኢንተርሉኪን 4። ሁለቱም ይዋጋሉ፤ አንደኛዋ ግን የተዋጋችው በተሳሳተ መሣሪያ ነው። ዛሬ ተማሪዎቻችን በመጽሐፍ የሚያነቡት የቲ ኤች 1 እና የቲ ኤች 2 ታሪክ በሕያው እንስሳ ላይ ከታየባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ይህ በሽታ ነው። ለመላው የኢሚዩኖሎጂ ትምህርት ትልቅ ውለታ የዋለ በሽታ ነው፤ ለራሱ ታካሚ ግን ውለታው ገና አልተከፈለም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ድርሻ ብዘል ግፍ ይሆንብኛል። አይጥ ላይ ከመታየቱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ተመሳሳይ ልዩነት በሰው ላይ የታየው አዲስ አበባ ነው። ቁንጭር በአብዛኛው ሰው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቁስል ሆኖ ይቀራል። ጥቂቶች ላይ ግን መላ ሰውነትን ያለብሳል፣ ዓመታት ይቆያል፣ የሥጋ ደዌም ይመስላል። አንቶኒ ብራይሰን በ1960ዎቹ እነዚህን ታካሚዎች ሲያጠና፣ የሞተ ሌሽማኒያ ክንዳቸው ላይ ተወግቶ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሲነበብ ቆዳቸው ምንም ምላሽ እንደማይሰጥ አሳየ። ተሕዋሱ ሞልቷል፤ ሰውነት ግን እንዳላየ ሆኗል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም በዚያው ዘመን የደጋውን ቁንጭር ሥርጭት፣ ዝንቦቹንና ቦታዎቹን ያጠና ነበር። እኚህ ሰው በእንዶድ ብቻ የሚታወቁ ከሆነ፣ ከእንዶዱ ሌላም ሥራ እንዳላቸው ለልጆቻችን እንንገር። በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በሥጋ ደዌ ላይ የገነባውን የኢሚዩኖሎጂ እውቀት ወደ ቁንጭር አዙሮ በ1980ዎቹ ብዙ ሠርቷል። ስለዚህ በዚህ መስክ እኛ እንግዳ አይደለንም፤ ከመሥራቾቹ ነን።

የዳነ ሰው ውስጥ የሚቀረው

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ መጣን። ለምን ዘገየ ላላችሁት።

ከሌሽማኒያ የዳነ ሰው ከተሕዋሱ ሙሉ በሙሉ ነጽቷል ማለት አይደለም። ጥቂቶች በየሥርቻው ተደብቀው ዕድሜ ልክ ይኖራሉ። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ለዓመታት ምንም አይሰማውም። በኋላ ኤች.አይ.ቪ. ሲይዘው ወይም በሌላ ምክንያት አቅሙ ሲደክም ነው ካላዛሩ ተመልሶ ብቅ የሚለው።

በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ የአይጥ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ከቁስል የዳኑ አይጦች ውስጥ የሚቀሩትን ጥቂት ተሕዋሳት የሚጠብቋቸው የራሷ የአይጧ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ያንን ጥበቃ አንሥተው ተሕዋሱ ጨርሶ እንዲጠፋ ሲያደርጉ፣ አይጧ በሁለተኛው ጥቃት ጊዜ የመከላከል አቅሟን አጥታ ተገኘች። ለካስ የመከላከል አቅሟ የሚኖረው ጠላቱ በጥቂቱ እስካለ ድረስ ነበር!

እንግዲህ የኩፍኝ ክትባት የሚሠራ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። እኛ ግን፣ የሞተ ተሕዋስ ብንሰጥ ማስታወሻው ቶሎ ይደበዝዛል፤ ሕያው ብንሰጥ በሽታ እንሰጣለን። ምርምሩ አርባ ዓመት የተንገላታው በእነዚህ ሁለት ገደሎች መካከል ነው።

የሞተውን ሞክረዋል። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ የተገደለ ሌሽማኒያ ሜጀር ከቢሲጂ ጋር ተቀላቅሎ ከሁለት ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ተሰጠ፤ ውጤቱ በ2000 ታተመ። ክትባቱ ከቢሲጂ ብቻው የተሻለ አልሆነም። ነገር ግን ከተከተቡት ውስጥ የቆዳ ምርመራቸው ወደ አዎንታዊ የተለወጠው ሰዎች በካላዛር የተያዙት ባነሰ ቁጥር ነበር። ሐሳቡ የተሳሳተ አልነበረም፤ መቀስቀሻው ነው ደካማ የነበረው።

ቀጥሎ ከተሕዋሱ የተመረጡ ፕሮቲኖችን ከጥሩ አነቃቂ ጋር የማቅረብ ሙከራ መጣ። ከሲያትል የወጡት ክትባቶች በሰው ላይ ለደኅንነት ተፈትነዋል። ከእንግሊዝ አገር ዮርክ የመጣው ደግሞ በተዳከመ የቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ ላይ ተጭኖ፣ ሱዳን ውስጥ ከካላዛር በኋላ በሚመጣው የቆዳ ሕመም ታካሚዎች ላይ እንደ ሕክምና ተሞክሯል። ለውሾች ብራዚልና አውሮፓ ውስጥ ገበያ የወጡ ክትባቶች አሉ። ለሰው ግን የመጨረሻውን በር ያለፈ የለም።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ ዝንቧ ራሷ ናት። ላቦራቶሪ ውስጥ ክትባቱን ሰጥተን ስንፈትን ተሕዋሱን የምንወጋው በንጹሕ መርፌ ነው። ዝንቧ ግን ስትነክስ ተሕዋሱን ብቻ አይደለም የምትተወው፤ ምራቋን ትጨምራለች፣ ተሕዋሱ ራሱ ጉሮሮዋ ላይ የሠራውን ዝልግልግ ነገርም ትተፋለች። ቆዳው ይቆስላል፣ ኒውትሮፊሎች ይጎርፋሉ፣ ሁኔታው ሁሉ ለተሕዋሱ ይመቻቻል። በ2009 የታተመ ጥናት በመርፌ ሲፈተን አይጥን የሚያድን ክትባት፣ በዝንብ ንክሻ ሲፈተን እንደማያድን አሳይቷል። ስንት ጥሩ የሚመስል ክትባት በመርፌ አልፎ እንደነበር አስቡት! ከዚያ ወዲህ በዝንብ ያልተፈተነ ክትባትን ማንም አያምንም። የምራቋን ፕሮቲን ራሱን እንደ ክትባት የመጠቀም ሐሳብም የተነሣው ከዚሁ ነው፤ ንጹሕ የሆኑ ዝንቦች አስቀድመው የነከሷቸው አይጦች በከፊል ተጠብቀው ስለተገኙ።

አሁን በእጃችን ያለው ተስፋ

አሁን ብዙ ዓይን ያረፈበት በ2020 የወጣው ሥራ ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓንና የሕንድ ተመራማሪዎች ከሌሽማኒያ ሜጀር ውስጥ ሴንትሪን የሚባለውን አንድ ጂን በክሪስፐር ቆርጠው አወጡ። ያ ጂን የሌለው ተሕዋስ ሕያው ነው፤ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ይራባል፤ ማክሮፋጅ ውስጥም ይገባል። እዚያ ከገባ በኋላ ግን መከፋፈል አይችልም። ይቆያል፣ ይታያል፣ ትምህርት ይሰጣል፣ ይጠፋል። ቁስል የሌለበት የእናቶች ክትባት ማለት ነው።

ይህ ክትባት አይጦችን ከዝንብ ንክሻ ጠብቋል። የመከላከል አቅማቸው ሆን ተብሎ በተዳከመ አይጦች ላይም ቁስል አላስነሣም። በ2021 ደግሞ በሀምስተሮች ላይ፣ በዝንብ ከሚተላለፈው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒም ማለትም ከካላዛሩም እንደሚከላከል ታየ። የሰው ደረጃውን የጠበቀ ምርት ሕንድ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ዮርክ ላይ ደግሞ ፈቃደኛ ሰዎችን በተቆጣጠሩት ሁኔታ በዝንብ አስነክሶ ክትባት የመፈተን ዘዴ ተሠርቶ በ2024 ታትሟል። ወባን አስቡ፤ ምርምሩ በ1980ዎቹ የተጀመረው ክትባት የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ ያገኘው በ2021 ነው። ዘገየ፤ ግን መጣ። ለጥገኛ ተሕዋስ ክትባት አይሠራም የሚለው አባባል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቷል።

ለእኛ የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ

እዚህ ላይ አንዳንድ ባልደረቦቼ ይከራከሩኛል። «መድኃኒት አለ፣ ርጭት አለ፣ ባንግላዴሽ በ2023 ያለ ክትባት ካላዛርን ከሕዝብ ጤና ችግርነት አውጥታ ምስክር ወረቀት ተቀብላለች፤ ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። ጥሩ ክርክር ነው። ነገር ግን ባንግላዴሽ ዝንቧ የምትነክሰው ቤት ውስጥ ነው፤ የቤት ግድግዳ ይረጫል። የእኛ የሰሊጥ ሠራተኛ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። የትኛውን ግድግዳ እንረጫለን? ቁንጭርስ? ሽኮኮውን ከገደሉ አውጥተን ልንረጨው ነው? መድኃኒቱም ቢሆን፣ ለካላዛር በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ነው፤ የተወጋ ያውቀዋል። ለእኔ ክትባት የሚያስፈልገው ይበልጥ ለእኛ አገር ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። በ2000ዎቹ በሁመራና በአካባቢው በካላዛር ከታከሙት መካከል ከአምስቱ አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ኤች.አይ.ቪ. ነበረበት። ቁጥሩ ዛሬ ዝቅ ብሏል፤ ቢሆንም ክትባቱን በጣም የሚፈልገው ሰውና ሕያው ክትባት ልንሰጠው የምንፈራው ሰው አንድ ሰው ሆነው ይገናኛሉ። ምግብ ያነሰው፣ ከአገሩ የራቀ፣ ስልኩ የማይገኝ፣ አጨዳው ሲያልቅ ወዴት እንደሄደ የማይታወቅ የቀን ሠራተኛ። አይጥ ላይ ደኅና ሆነ ማለት በእሱ ላይ ደኅና ይሆናል ማለት አይደለም። ለእሱ ሳይፈተን ከቀረ ደግሞ ክትባቱ የሚደርሰው በበሽታው ለማይሞቱት ሰዎች ይሆናል። ሁለቱም ግፍ ነው።

ይህን ጥያቄ ሲያትልም፣ ዮርክም፣ ፑኔም አይመልሱልንም። ማን እንደሚሳተፍ፣ ፈቃዱ በምን ቋንቋና በማን ፊት እንደሚጠየቅ፣ ሁለት ዓመት እንዴት እንደምንከታተለው፣ ክትባቱ ቢጎዳው ማን እንደሚያክመው መወሰን ያለበት እዚህ ነው። መወሰንም እንደምንችል አሳይተናል። ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. አብረው ለያዟቸው ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው አዲስ የሕክምና መመሪያ ከተደገፈባቸው ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ ጎንደርና አብደራፊ ላይ ነው። «እነዚህ ታካሚዎች ለጥናት አይመቹም» ተብሎ ቢተው ኖሮ ያ መመሪያ አይኖርም ነበር።

ምን እናድርግ?

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ የእኛ ነው፤ ከእኛ አገርና ከጥቂት አካባቢ ሌላ እምብዛም የለም። እኛ ካላጠናነው የሚያጠናው የለም። የላቦራቶሪ አይጥ እንኳ በቀላሉ አይያዝለትም። የ2020ው ክትባት ከቁንጭር ይከላከል እንደሆነ ለማወቅ፣ ከየወረዳው የተሰበሰበና በደንብ የተመዘገበ የተሕዋስ ክምችት፣ የሚራባ የአሸዋ ዝንብ ቤት፣ በቋሚነት የሚሠራ የሴል ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። የማስተርስ ተማሪ ናሙና ሰብስቦ፣ መመረቂያ ጽሑፉን አስገብቶ ሲሄድ ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ መብራት ሲጠፋ አይቅለጥ። እያንዳንዱ ጥናት ለሚቀጥለው መሠረት ይተው።

በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ላላችሁ፦ መዝገባችሁ ወርቅ ነው። ማን ዳነ፣ ማን ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ታመመ፣ ማንስ ኤች.አይ.ቪ. ነበረበት? የክትባት ሙከራ የት እንደሚደረግ፣ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚሰላው ከዚያ መዝገብ ነው። «ካርድ ጠፋ» በምንልበት ቦታ ሙከራ አይደረግም። የቁንጭር ልጅ ስትመጣ ደግሞ ፎቶና ዕድሜ ብቻ አትጻፉ፤ ቤቷ ከገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ።

ከባህር ማዶ ለመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ገንዘባችሁን አመሰግናለሁ፤ ማህበራችንም ያመሰግናል። ግን ከገንዘቡ በላይ የምፈልገው ጊዜያችሁን ነው። በዓመት አንድ የዶክትሬት ተማሪ ከእናንተ አንዱ አብሮ ያማክር። ላቦራቶሪያችሁ ሲታደስ የሚጣለውን መሣሪያ ከመላካችሁ በፊት ሲበላሽ የሚጠግነውን ሰው አሠልጥኑልን። መሣሪያ መቀበል ችለናል፤ ያጣነው መሣሪያው በሦስተኛው ዓመት ሲቆም የሚያስነሣውን ነው።

በጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ላይ ለተቀመጣችሁ ደግሞ፦ ይህ ክትባት አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። ያን ቀን ሁለት ቀላል መልሶች ይኖሯችኋል። አንዱ «አደገኛ ነው» ብሎ መመለስ ነው፤ ሌላው የመጣው ትልቅ ስም ይዞ ስለሆነ ማሳለፍ። ሁለቱም ለሰሊጥ ሠራተኛው አይጠቅሙም። ከአሁኑ ተማሩበት፣ ተከራከሩበት፣ ሠራተኞቹን ራሳቸውን አስጠሩና ጠይቋቸው። እነሱ ስለ ግራሩ ጥላም ስለ ዝንቧም እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ።

ይህ ቤት ሲመሠረት፣ በ1954፣ ዓላማው በገጠሩ ሕዝብ መካከል የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። እኛ የዚያ ዓላማ ልጆች ነን። በሽታው የሚገኘው ደጃችን ላይ ነው፤ እውቀቱም ግማሹ እዚሁ ነው የተጀመረው። ክትባቱ ሲመጣ የምንጠብቅ ሳይሆን የምንቀበለው፣ የምንፈትነው፣ አስፈላጊ ሲሆንም «ገና ነው» ማለት የምንችል ሰዎች ሆነን ያግኘን።

ጥያቄ ያላችሁ ምሳ ላይ ፈልጉኝ፤ ስለ ጣፊያ ላለማውራት ግን ቃል አልገባም።